እንጀራ፣ በርበሬና የተቆጣ አንጀት፦ በኮለምበስ ኦሃዮ ከክሮንስና ከኮላይቲስ ጋር መብላት

በኮለምበስ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል፣ ክሊቭላንድ አቬኑ በሚባለው ረጅም ጎዳና ዳርና ዳር፣ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ሱቆች ተጎራብተው ይታያሉ። በፌስታል ታሽጎ የተደረደረ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ያልተቆላ ቡናና የጤፍ ዱቄት ከመደርደሪያቸው አይጠፋም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዌክስነር የሕክምና ማዕከል አለ። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል የሚመላለስ አንድ ሕመምተኛ በዓይነ ኅሊናችን እናስብ። ከወራት ተቅማጥ፣ ከክብደት መቀነስና ከድካም በኋላ ክሮንስ የሚባል የአንጀት ሕመም እንዳለበት ተነግሮታል። ስለ ምግብ የሚያስረዳ ወረቀትም ተሰጥቶታል። በወረቀቱ ላይ ነጭ ዳቦ፣ የዶሮ ሾርባ፣ የተፈጨ ድንችና ሙዝ ተዘርዝረዋል። ስለ እንጀራ፣ ስለ ሽሮ፣ ስለ በርበሬ፣ ስለ ጾም ግን አንድም ቃል የለበትም።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ምክር የሚሰጠው አይጠፋም። አንዱ «በርበሬውን ተው» ይለዋል፤ ሌላው «አሜባ ነው፣ አገር ቤት ብትሄድ ይገላግሉህ ነበር» ይላል፤ ሦስተኛው ቀይ ጤፍ ብቻ እንዲበላ ያዘዋል። ብዙዎች በዚህ መሐል ግራ ሲጋቡ ምግባቸውን እየቀነሱ፣ እየቀነሱ፣ በመጨረሻ በሩዝና በድንች ላይ ይቀራሉ። ይህም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የአንጀት ብግነት ሕመም በሚል የጋራ ስም የሚጠሩት በዋናነት ሁለት ናቸው። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ትልቁን አንጀት ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ከፊንጢጣ ተነሥቶ ወደ ላይ እየሄደ ውስጠኛውን ሽፋን ያቆስላል። ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለውን የትኛውንም የምግብ መተላለፊያ ክፍል ሊይዝ ይችላል፤ አዘውትሮ የሚያጠቃው የትንሹን አንጀት መጨረሻና የትልቁን መጀመሪያ ነው። ቁስለቱ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ስለሚገባ አንጀቱን ሊያጠብበው ወይም ሊበሳው ይችላል። ስሙን ያገኘው በርሪል ክሮን ከተባሉ ሐኪም ነው፤ እርሳቸውና ሁለት ባልደረቦቻቸው፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ከኒው ዮርኩ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ባሳተሙት ጽሑፍ በሽታውን ለይተው ገልጸውታል።

በሁለቱም ሕመሞች የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት የራሱን አንጀት እንደ ጠላት ይዋጋል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን አንድ ብቸኛ ምክንያት አልተገኘም፤ የዘር ውርስ፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተህዋስያንና የአኗኗር ሁኔታ ተደራርበው እንደሚያመጡት ይታመናል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2015 ባሰባሰበው መረጃ 3 ሚሊዮን ያህል የአገሪቱ አዋቂዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው እንደተነገራቸው ገልጸዋል። ከአፍሪካና ከእስያ የሚመጡ ስደተኞች ለረጅም ዘመን ከዚህ ስሌት ውጪ እንደሆኑ ይታሰብ ነበር። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የተደረገና በ2015 የወጣ ጥናት ግን ነገሩን በሌላ መልክ አሳይቷል፦ ስደተኞች በሽታው የሚይዛቸው ከአገሬው ሰው ባነሰ መጠን ቢሆንም፣ በልጅነታቸው የመጡት በጉልምስና ከመጡት ይበልጥ ይጋለጣሉ። እዚያው ከተወለዱት ልጆቻቸው መካከል ደግሞ በአንዳንዱ ወገን ያለው ተጋላጭነት ከአገሬው ሰው ጋር ይቀራረባል።

እዚህ ላይ ስለ አሜባ የሚባለውን ችላ ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ከምንም ተነሥቶ የተባለ አይደለምና። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ በኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ ከአሜባ፣ ከባክቴሪያ ወይም ከሌላ ተላላፊ ነገር ይመጣል። የአንጀት ሳንባ ነቀርሳም በኮሎኖስኮፒ ሲታይ ክሮንስን እጅግ ይመስላል። ጥንቁቅ ሐኪም የብግነት ሕመም ነው ብሎ ከመወሰኑ በፊት እነዚህን የሚያጣራውም ለዚህ ነው፤ በሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት አሜባ ወይም ነቀርሳ ላለበት ሰው ቢሰጥ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የመጣ ሕመምተኛ የት እንደኖረ፣ ነቀርሳ ካለበት ሰው ጋር አብሮ ኖሮ እንደሆነ፣ ሳይጠየቅም ቢሆን ለሐኪሙ ቢናገር መልካም ነው። በአንጻሩ፣ ምርመራው ተደርጎ አሜባ አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ ሜትሮኒዳዞልን ከዘመድ እየተቀበሉ ደጋግሞ መዋጥ ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ሌላ መምታታትም አለ። ሆድን የሚነፋና የሚቆርጥ፣ ነገር ግን አንጀትን የማያቆስል «የሚረበሽ አንጀት» የሚባል ችግር አለ። ስለዚያ የተሰጠ የምግብ ምክር ለክሮንስ ሁልጊዜ አይሆንም። ሁለቱ ግን በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ የብዙዎች ግራ መጋባት የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

የሚፈውስ ምግብ አለን?

አጭሩ መልስ የለም ነው። ረጅሙ መልስ ግን ይበልጥ ይጠቅማል።

በአሜሪካ ውስጥ የተደረገ፣ በ2021 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት ቀላል እስከ መካከለኛ የክሮንስ ምልክት ያላቸውን 190 ያህል አዋቂዎች በሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን እህልን፣ ስኳርንና አብዛኛውን ወተት ነክ ነገር የሚከለክል ጥብቅ አመጋገብ፣ ለሌላው የሜዲትራኒያን አመጋገብ የሚባለውን ሰጥቷል። ከስድስት ሳምንት በኋላ በሁለቱም ወገን ከመቶ ከ40 የሚበልጡት ምልክታቸው በርዶላቸው ተገኘ፤ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ያን ሁሉ ክልከላ የተሸከሙት፣ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ከበሉት የተሻለ አላገኙም። የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው ምክር የብግነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚከለክል ምክንያት ከሌለ የሜዲትራኒያንን አመጋገብ እንዲከተሉ ይመክራል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር መምሰል የለበትም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ዓሣ፣ ዘይት፣ ሥጋ በጥቂቱና አልፎ አልፎ፦ የጾም ገበታችን ከዚህ የራቀ አይደለም። የራቀው በስደት የለመድነው ነው። ከ21 አገሮች 116 ሺህ ያህል ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ በ2021 የወጣ ጥናት፣ በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ በቀን አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚወስዱ ሰዎች፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በታች ከሚወስዱት ይልቅ በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ82 ከመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እነዚህም ለስላሳ መጠጥ፣ ቋሊማ፣ ቺፕስ፣ የታሸገ ብስኩትና የመሳሰሉት ናቸው። ጥናቱ ግንኙነትን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም፤ ሆኖም በምግብ ውስጥ የሚጨመሩ ማዋሐጃዎች፣ በተለይ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስና ፖሊሶርቤት 80፣ የአንጀትን የንፍጥ ሽፋን እንደሚያሳሱ በእንስሳት ላይ ታይቷል። የእሽጉን ጀርባ ማንበብ ከዚህ በኋላ እንደ ቅብጠት የሚቆጠር ነገር አይደለም።

መሶቡን ከፍተን ስናይ

ከእንጀራ እንጀምር። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ገለባውን ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ እንዳለ ይፈጫል። ስለዚህ አሰሩ፣ ፋይበር የሚባለው፣ ብዙ ነው። ይህ ሕመሙ በበረደበት ጊዜ ጥቅም ነው። ሲያገረሽ ግን፣ በተለይም አንጀቱ ለጠበበበት ሰው፣ በርካታ አሰር በአንድ ጊዜ መብላት ሕመምን አልፎም መዘጋትን ሊያመጣ ይችላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ እንጀራን መሰረዝ ሳይሆን መጠኑን መቀነስ፣ በደንብ ማኘክ፣ ለጥቂት ሳምንታትም ከሩዝ ጋር ማፈራረቅ ነው። በአሜሪካ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ስለሆነ፣ «ጤፍ ስለሆነ ግሉተን የለውም» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለ እርሾውም አንድ ነገር እንበል፦ ሊጡ ሲቦካ በውስጡ ሕያዋን ተህዋስያን ቢበዙም ምጣድ ላይ ይሞታሉ። እንጀራ እንደ እርጎ ሕያው ተህዋስያንን ይዞ አይገባም። የመቦካቱ ትልቅ ጥቅም ሌላ ነው፤ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይቀንሳል።

ወጡ ከዚህ ይበልጥ ውስብስብ ነው፤ ምክንያቱም መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን የተባለ የስኳር ዓይነት በትንሹ አንጀት አይፈጭም፤ ትልቁ አንጀት ደርሶ ይቦካና ይነፋል። ሽንኩርት በብዛት ተቁላልቶ የተሠራ ወጥ በልቶ የተነፋ ሰው በርበሬውን ሲወቅስ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርቱን በግማሽ ቀንሶ መሞከር፣ ወይም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ቀቅሎ ጣዕሙ ከወጣ በኋላ ፍሬውን አውጥቶ ዘይቱን መጠቀም ይረዳል፤ ፍሩክታን በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟምና። ይህ ግን ንፋትን ያቀልላል እንጂ ቁስለትን አይፈውስም።

በርበሬስ? የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ የአንጀትን የሕመም ነርቮች ያነቃል፤ ቁርጠትንና መጣደፍን ያመጣል። የክሮንስ መንሥኤ ስለመሆኑ ግን ማስረጃ የለም። በሽታው ሲነሣ አልጫ፣ ሲበርድ ለስላሳ ቀይ ወጥ መብላት የሚችሉ ብዙ ናቸው። አልጫን የሚያቀላው እርድም በሰፊው ይወራለታል። ለኮላይቲስ ተስፋ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ የተሞከረው ግን ከእርድ የወጣው ኩርኩሚን በእንክብል፣ በቀን በግራም እየተለካ፣ ከመድኃኒት ጋር ተጨምሮ ነው። በድስት ውስጥ የምንጨምረው ማንኪያ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም፤ እንክብሉንም ቢሆን ጉበትን የጎዳበት ጊዜ ስላለ ያለ ሐኪም ምክር መጀመር አይገባም።

በጥራጥሬ ረገድ የአገራችን ወጥ ቤት ያለ ሐኪም ምክር የደረሰበት ጥበብ አለ። ክክ ምስር ቅርፊቱ የተገፈፈ ነው፤ ሽሮም ተከክቶ ከቅርፊቱ ከተለየ በኋላ የሚፈጭ ነው። ሁለቱም ከድፍን ምስር፣ ከንፍሮና ከቆሎ ይልቅ ለቆሰለ አንጀት ይቀልላሉ። ሽሮውን ከወትሮው ቀጠን አድርጎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ማንተክተክ ነው። ጎመን ግንዱ ተለይቶ፣ ቅጠሉ ደቅቆ ተከትፎ እስኪበስል ሲቀቀል የሚከብዳቸው ጥቂቶች ናቸው። ጥሬ ቃሪያ፣ የቲማቲም ሰላጣ፣ ቆሎና ፈንዲሻ ግን አንጀቱ የጠበበ ሰው ሊርቃቸው የሚገቡ ናቸው። ተልባም ቢሆን ፍሬው እንዳለ ከሚበላ ይልቅ ተወቅጦና ተጣርቶ ቢጠጣ ይሻላል። ምግብ አልወርድ ሲል የእናቶቻችን አጥሚት ያለው ዋጋ እዚህም አይቀንስም፦ አጃ የሚሟሟ አሰር ስላለው ከሌላው እህል ይልቅ ለስላሳ ነው።

ወተት የሚነፋው ሰው እርጎና አይብ ይስማሙት እንደሆነ ሊሞክር ይችላል፤ ላክቶሳቸው ያነሰ ነውና። የንጥር ቅቤ ነገር እንደ ሰው ይለያያል፤ የትንሹ አንጀት መጨረሻ በቀዶ ሕክምና የተወገደለት ሰው ብዙ ቅባት ሲበላ ተቅማጡ ሊበረታበት ይችላል።

በአንድ ነገር ላይ ግን ማመቻመች የለም፤ እርሱም ጥሬ ሥጋ ነው። አዛቲዮፕሪን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ኢንፍሊክሲማብ፣ አዳሊሙማብና የመሳሰሉት የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ። ጤናማ ሰው በጥቂት ቀን ተቅማጥ የሚወጣው ኢ. ኮላይ ወይም ሊስቴሪያ እንዲህ ያለውን ሰው ሆስፒታል ሊያስተኛው ይችላል። ቁርጥ የለም፤ ክትፎም ለብ ለብ አይበቃውም። የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። ያልተፈላ ወተትም እንዲሁ ነው። በሰርግና በበዓል ይህን እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን ይህ ጸሐፊ አይዘነጋውም፤ ያም ሆኖ እምቢ ማለት ይገባል።

ጾም፣ ደምና ፀሐይ

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ጨምሮ ብዙ የዓመቱን ቀናት ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ያሳልፋሉ። ለዚህ ሕመምተኛ አስጊው በጾም የሚበላው ምግብ ሳይሆን ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛው እስከ ቀትር ወይም እስከ ሠርክ ሳይበሉ መቆየት ነው፤ ክብደቱ እየቀነሰ ያለ ሰው ይህን አይችልም፤ ተቅማጥ ሲኖር ደግሞ ያለ ውኃ መዋል ኩላሊትን ይጎዳል። ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ሲሆን፣ ወደ ሰውነት የሚገባው በትንሹ አንጀት መጨረሻ በኩል ነው፤ ክሮንስ አዘውትሮ የሚያጠቃውም ያንኑ ቦታ ነው። መግቢያው ተጎድቶ ምንጩም ሲቀንስ የደም ማነስና የእጅና የእግር መደንዘዝ ይከተላል፤ በመርፌ ወይም በእንክብል ግን ይስተካከላል። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው እንዲጾም አታስገድድም፤ ጉዳዩ ከሐኪም ጋር ተመክሮበት ከንስሐ አባት ጋር የሚጨረስ ነው። በእስልምናም የታመመ ሰው ከረመዳን ጾም ይፈቀድለታል። ከሁሉ የሚከፋው ለማንም ሳይናገሩ መጾምና መድኃኒቱንም አብሮ ማቋረጥ ነው።

የብረት እጥረት በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ አንጀት ይደማል፣ ብግነቱም ብረት እንዳይገባ ይከለክላል። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ቢባልም ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ከተቀላቀለ አፈር የሚመጣ ስለሆነ፣ መጠኑ ከጤፍ ጤፍ እጅግ ይለያያል፤ ሰውነትም ሁሉን አይጠቀምበትም። ሐኪም የብረት እጥረት ካገኘ «ጤፍ እበላለሁ» የሚለው መልስ አይበቃም። ቡናና ሻይም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚቀርበውን አቦል አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ምንም አያጎድልም። ቡናው ራሱ በሽታውን አያመጣም፤ ትልቁን አንጀት ግን ያነቃቃል፤ ሦስት ጊዜ ለሽንት ቤት የሚነሣ ሰው ከቶናና ከበረካ ቢቀር ቅር የሚሰኝበት ሊኖር አይገባም።

ኮለምበስ ከምድር ወገብ 40 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቃ ትገኛለች። በክረምት ወራት ፀሐይዋ ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርግ አቅም የላትም፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ያንኑ ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ፕሬድኒሶሎን አጥንትን እንደሚያሳሳ ሲታሰብ፣ የዚህ ቫይታሚን መጠን በደም ምርመራ እንዲታይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለልጆች የተለየ መንገድ

ክሮንስ ያለበት ልጅ የመጀመሪያ ምልክቱ ተቅማጥ ሳይሆን አለማደግ ሊሆን ይችላል። ለልጆች ምግብ በእርግጥም መድኃኒት የሚሆንበት አንድ ሕክምና አለ፦ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሌላ ምግብ ሁሉ ቀርቶ በተመጣጠነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ መኖር። በልጆች ዘንድ ብግነትን በማብረድ ከስቴሮይድ አያንስም፤ እድገትንም አይገታም። ኮለምበስ በዚህ ዓይነት ፈሳሽ ምግብ ታሪክ ውስጥ የራሷ ስፍራ አላት፦ በ1903 በከተማዋ የወተት ድርጅት ሆኖ የተጀመረው፣ በኋላም ሮስ ላቦራቶሪስ የተባለው ኩባንያ በ1964 ከአቦት ጋር ተቀላቅሎ፣ በየመድኃኒት ቤቱ የምናያቸውን ኢንሹርንና ፔዲያሹርን ይሠራል። የከተማዋ ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታልም ይህን ሕመም የሚከታተል የልጆች ክፍል አለው።

ሕክምናው በወረቀት ላይ ቀላል ይምሰል እንጂ፣ በኢትዮጵያዊ ቤት ልጅን ሁለት ወር ከመሶብ ማራቅ ትልቅ ፈተና ነው። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ በሆነበት ቤት «አትጉረሱት» ብሎ ለአያት ማስረዳት ሊያስፈልግ ነው። አያትን አስቀድሞ ወደ ቀጠሮው ይዞ መሄድ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሕመምና ቁስለት አብረው አይሄዱም

ምግብ ያስተካከለ ሰው ሕመሙ ሲተወው መድኃኒቱን ማቆም ያምረዋል። ይህን ሕመም ተንኮለኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሆድ ጸጥ ብሎ ሳለ ብግነቱ ሊቀጥል ይችላል። ለዓመታት ያልተገታ ብግነት አንጀትን ያጠብባል፤ በትልቁ አንጀት ላይ ሲሆንም የካንሰርን ሥጋት ይጨምራል። ስለዚህ ሐኪሞች ስሜትን ብቻ አያምኑም፤ በዓይነ ምድር ውስጥ ካልፕሮቴክቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለካሉ፣ በየጊዜውም ኮሎኖስኮፒ ያደርጋሉ። አንድ ምግብ መስማማቱን ለማወቅም ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የበሉትንና የተሰማውን በማስታወሻ መያዝ፣ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ማየት ይረዳል። ለራስ ምታት ተብሎ የሚዋጠው አይቡፕሮፌን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል በምትኩ ፓራሲታሞል እንዲሆን ይመከራል፤ በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች አሲታሚኖፌን ይሉታል። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ጠጅና ጠላን በተመለከተ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠጣ።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይበቃው ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ» ብሎ ማስመዝገብ ነው። ስለ ዓይነ ምድር፣ ስለ ደም፣ ስለ ፊንጢጣ የአሥር ዓመት ልጅ ለአባቱ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁለቱም አይገባም። በዚያው ቀጠሮ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲመሩ መጠየቅ ይቻላል። ባለሙያዋ እንጀራን ላታውቅ ትችላለች፤ ስለዚህ በሳምንት ውስጥ የሚበላውን ሁሉ፣ የእንጀራውን እሽግ ጽሑፍና የወጡን አሠራር ጭምር፣ ይዞ መሄድ ይበጃል።

ሆድ ተነፍቶ ጋዝም ዓይነ ምድርም አልወጣ ካለ፣ ትውከት ካልቆመ፣ ብዙ ደም ከታየ፣ ወይም መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት እየወሰዱ ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።